ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶ አሁንም የሚሞቅ ኤሲ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የምነዳው አሮጌ ቪትዝ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራ አዳማ እመላለሳለሁ። ኤሲው ሙቅ አየር ነው የሚነፋው። ሰፈር ያለ ጋራዥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ሞላልኝ። የመጀመሪያው ስምንት ወር ሠራ፣ ሁለተኛው አራት ወር፣ የአሁኑ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። ፈጣን መንገዱ ላይ ስነዳ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ቃሊቲ ሰልፍ ላይ ስቆም ግን ይሞቃል። አሁን ደግሞ ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር ተባልኩ። ልቀይረው ወይ ጋሼ?»

እህቴ፣ አትቀይሪው። ቢያንስ ዛሬ አትቀይሪው። የሞተ ኮምፕረሰር ፈጣን መንገድ ሲያገኝ ከሞት አይነሳም። ያንቺ ስትነጂ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ኋላ እናየዋለን። የጻፍሽው ምልክት ግን የሚጠቁመው ወደ ሌላ ነው። አንደኛ፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ ፋኑ በደንብ አይሠራ ይሆናል።

ከጋዙ ልጀምር። ብዙ ሰው የኤሲ ጋዝን እንደ ቤንዚን ነው የሚያየው። ይነዳል፣ ያልቃል፣ ይሞላል። እንደዛ አይደለም። ጋዙ አይቃጠልም፣ አያልቅም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ ያው አንዱ ጋዝ ይዞራል። ሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋትሽ በፊት አልኮል ሲቀቡሽ ቆዳሽ ቅዝቅዝ አይልም? አልኮሉ ሲተን ሙቀትሽን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤሲም ይኸው ነው። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ጋዙ ይተናል፣ የጋቢናውን ሙቀት ይይዛል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል። ከፊት ራዲያተሩ ጋ ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ይጥልና ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እንደገና።

ስለዚህ ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። ከጎማ ቱቦዎቹ በየዓመቱ ጥቂት ግራም ማምለጡ ያለ ነው፤ መኪና አርጅቶ ከብዙ ዓመት በኋላ አንዴ ቢሞላ አይገርምም። ስምንት ወር፣ አራት ወር፣ ሁለት ወር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቀዳዳው እየሰፋ ነው። አራተኛ ጊዜ ብትሞይ አንድ ወር ይቆይልሽ ይሆናል።

ሆኖም ወደ ጋራዥ ከመሄድሽ በፊት ራስሽ የምታዪው ነገር አለ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሚና ሞተሩን አስነሺ። ኤሲውን አብሪ፣ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው አድርጊ፣ ንፋሱንም ጨምሪ። ኮፈኑን ክፈቺ። ሻርፕሽንና ጸጉርሽን አደራ፣ ቺንጋና ፋን ቀልድ አያውቁም። ኤሲው ሲበራ ከኮምፕረሰሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለብሽ። ከፊቱ ያለው ሳህን መሳይ ብረት ከፑሊው፣ ማለትም ቺንጋው ከሚያዞረው ጎማ መሳይ ብረት፣ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። ካልዞረ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ጋዙ በጣም ጎድሎ መከላከያው አቋርጦታል። መስመሩ ላይ የግፊት ስዊች አለ፤ ግፊቱ ወደ 2 ባር ገደማ ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ያለ ዘይት እንዳይፈጭ ይዘጋዋል። ቶሎ ቶሎ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነም የጎደለ ጋዝ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው።

አሁን ወደ ፋኑ። ኤሲው በበራ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የራዲያተሩ ፋን መዞር አለበት። ከዞረ አንድ ወረቀት ከፊት በኩል ኮንደንሰሩ ላይ አስጠጊ። ጥሩ ፋን ወረቀቱን ስቦ ይይዘዋል። ወረቀቱ ከወደቀ ፋኑ ደክሟል፣ ወይም ከዚህ በፊት የነካው ሰው ሽቦውን ገልብጦ ወደ ኋላ እያዞረው ነው። አትሳቂ፣ አይቻለሁ። ጨርሶ ካልዞረ ፊውዙንና ሪሌውን፣ ማለትም ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ሳጥን፣ ማየት ነው። ሪሌ ለመፈተሽ ከጎኑ ያለ ተመሳሳይ ሪሌ ነቅሎ ማለዋወጥ ይበቃል፤ አንዳንዴ የጥሩንባው ሪሌ ራሱ ይገጥማል።

ፋኑ ለምን አስጨነቀኝ? በ100 ስትነጂ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዝልሻል። ቃሊቲ ስትቆሚ ነፋስ የለም፤ ፋን ብቻ ነው ያለው። ስትሄድ ቀዝቃዛ፣ ስትቆም ሙቅ ሲባል የኛ ሰው ቶሎ ፋን የሚለው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ጋዝ ሲጎድልም ያው ምልክት ይመጣል፤ መኪናው ሲቆም ኮምፕረሰሩም ቀስ ብሎ ነውና የሚዞረው። ወረቀቷ ሁለቱን ትለይልሻለች።

ፊት ለፊቱን ደግሞ በደንብ እዪው። አንቺ በምትሄጂበት አካባቢ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ሲደርስ፣ ጭድ የጫኑ አይሱዙዎች ከዱከም በኩል እየበተኑ ይመጣሉ። ያ የጤፍ ጭድ ከአቧራና ከነፍሳት ጋር ተቦክቶ ኮንደንሰሩን እንደ ጭቃ ግድግዳ ይለስነዋል። ከፊት ንጹሕ መስሎ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሐል ብርድ ልብስ የሚያህል ያወጣሁበት መኪና አለ። ላቫጆ ወስደሽ በኃይለኛው ውኃ አስመቺው እንዳልልሽ የኮንደንሰሩ ቀጫጭን ክንፎች ይተኛሉ፣ ከዚያ በኋላ አየር አያልፍም። በቀስታ ውኃ፣ ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ነው የሚታጠበው። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ሙቅ አየር» ስትዪኝ የትኛው ሙቅ? የውጭው አየር ዓይነት ነው ወይስ ከዚያ የባሰ የሚያቃጥል? ገላን ላይ ጠዋት የውጭ አየር ራሱ ኤሲ ነው። ኤሲሽ ለወራት ሞቶ ሳታውቂው አዳማ ወርደሽ ነው የነቃሽ ይሆናል። ከውጭው አየር የባሰ ሙቅ ከሆነ ግን ነገሩ ከጋዙ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ዳሽቦርዱ ውስጥ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል በር አለ። ኬብሉ ከወለቀ ወይም በሩ ከተጣበቀ፣ ኤሲው እያቀዘቀዘ የሞተሩ ሙቅ ውኃ ያሞቀዋል። ማዞሪያውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አመላልሺው፤ ምንም ለውጥ ከሌለ በሩን ጠርጥሪ። የንፋሱ ኃይል ራሱ ከደከመ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ያለችውን የአየር ፊልተር አውጪ። አንዳንዷ ፊልተር መኪናው ከጃፓን ከመጣ ጀምሮ ተነክታ አታውቅም።

ፋኑ ደህና ነው እንበል። ያኔ ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ይሄ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ግን ምን መደረግ እንዳለበት ብታውቂ ጥሩ ነው።

ጋዙ ብቻውን አይዞርም፣ የኮምፕረሰሩን ዘይት ይዞ ነው የሚዞረው። ሲወጣም ዘይቱን ይዞ ይወጣል። እዚህ አቧራ እግዜር ይስጠው፣ በዚህ አንድ ነገር ረድቶናል። ዘይት የነካው ቦታ አቧራ ይይዝና ጥቁር፣ እርጥብ ነጥብ ይሆናል። የቧንቧ መጋጠሚያዎቹን፣ የኮምፕረሰሩን አፍንጫ፣ የኮንደንሰሩን ፊት በባትሪ መብራት ማየት ነው። ከፒስታው የሚፈናጠር ጠጠር ኮንደንሰሩን ይወጋዋል፤ በኔ ልምድ የከተማ ዳር መኪና ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ ነው። ውስጡ እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ መርፌ አለች። ሦስት ጊዜ ተከፍታ ተዘግታለች፤ እሷም ልታፈስ ትችላለች። ክዳኗ በቦታዋ አለች? ጋዝ የሚሞሉ ልጆች ክዳን መጣል ይወዳሉ። ክዳኗ ለጌጥ አይደለም፣ ራሷም ትዘጋለች።

ዓይን ካላገኘው የሳሙና አረፋ። አረፋ ካላገኘው በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ከጋዙ ጋር ይገባና ከጥቂት ቀን በኋላ ይፈተሻል። ከሁሉ የሚሻለው በናይትሮጅን ግፊት ሰጥቶ መፈተሽ ነው። ናይትሮጅን ነው ያልኩት። ጋራዡ የጎማ መንፊያ አየር ወይም የብየዳ ኦክስጅን ሊያስገባ ካየሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ። አየር እርጥበት ያስገባል፤ ከጋዙ ጋር በግፊት ሲደባለቅም ሊቀጣጠል ይችላል። ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር አምጥቶ «ይሄም ያቀዘቅዛል» የሚልሽም ቢገኝ መልሱ ያው ነው። ማቀዝቀዝ ያቀዘቅዛል፤ ግን ኢቫፖሬተሩ የሚያፈስ ከሆነ ጋዙ የሚገባው አንቺ ወደ ተቀመጥሽበት ነው።

ቀዳዳው ከተገኘ ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። መጋጠሚያ ከሆነ ኦሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት ይቀየራል። ተራ ጥቁር ጎማ ሳይሆን ለኤሲ የተሠራው፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴው። ኮንደንሰር ከሆነ መቀየር ይሻላል፤ በሙጫ ማሸግ የትም አያደርስም።

ከዚያ ቫኪዩም ይመጣል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መስመሩ ከተከፈተ አየርና እርጥበት ገብቷል። በፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሳባል። ግፊቱ ሲወርድ ውስጥ ያለው ውኃ ያለ እሳት ይፈላና በኖ ይወጣል። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን እኛ አገር ሰው ያሳስታል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው፤ መርፌው ወደ 29 ኢንች (የቫኪዩም መለኪያ ነው) መውረድ አለበት ይላል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ላያችን ላይ ያለው አየር ቀላል ነው። ስለዚህ የፈለገው ዓይነት ፓምፕ ቢሆን መርፌው 22 ወይም 23 አካባቢ ላይ ይቆማል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህን አላውቅም ነበር። «ፓምፑ ሞቷል» ብዬ ጤነኛ ፓምፕ ጥዬ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም 23 ላይ ቆመ። ባለቤቴ ባቄላ አዲስ አበባ ለምን ቶሎ አይበስልም ብላ ስትማረር ነው ነገሩ የገባኝ። ውኃ እዚህ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። የባቄላውም የፓምፑም ምክንያት አንድ ነው።

ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ቫልቮቹ ተዘግተው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ተመልሶ ከወጣ ቀዳዳ ገና አለ። አብዛኛው ችኩል ጋራዥ ይህቺን ጥበቃ ይዘላታል። አንቺ አጠገቡ ቡና ጠጪና ጠብቂ።

ከፍታው ሌላውንም ንባብ ያዛባል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ጌጅ ቢገጠምለት፣ አየሩ 15 ዲግሪ ከሆነ ወደ 60 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ)፣ 20 ከሆነ ወደ 72 ማንበብ አለበት። የጋዙ የግፊት ሠንጠረዥ ላይ ከተጻፈው ሦስት አራት ያህል ይበልጣል። ከዚህ በግልጽ ካነሰ ውስጥ ፈሳሽ አልቀረም፣ ባዶ ሊሆን ነው። ልክ ከሆነ ግን ሞልቷል ማለት እንዳይመስልሽ። ትንሽ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። አምስት ኪሎ የቀረው የቤት ጋዝ ሲሊንደርና ሙሉው እኩል ግፊት እንዳላቸው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጋዝ በጌጅ ሳይሆን በሚዛን የሚሞላው። ኮፈኑን ስትከፍቺ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ታያለሽ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል፦ 134 የሚል የጋዙ ዓይነት፣ ቀጥሎ በግራም የተጻፈ መጠን። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከግማሽ ኪሎ በታች ነው የሚወስዱት። ትንሽ ጋዝ ነው፤ 100 ግራም መብዛትና ማነስ ልዩነት ያመጣል። ሲበዛም ይሞቃል፤ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይሞላና ሙቀት የሚጥልበት ቦታ ያጣል። ሦስቱን ጊዜ የሞላልሽን ልጅ ስንት ግራም እንዳስገባ ጠይቂው። «እስኪበቃው» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል።

ወደ ኮምፕረሰሩ ልመለስ፣ ቃል ገብቻለሁ። ደክሟል የሚባለው በልኩ ጋዝ ተሞልቶ፣ ፋኑ እየሠራ፣ ሁለቱ ጌጆች፣ ማለትም ከኮምፕረሰሩ በፊት ያለውን ዝቅተኛ ግፊትና ከሱ በኋላ ያለውን ከፍተኛ ግፊት የሚለኩት፣ ሲቀራረቡ ነው። ጤነኛ ሲሆን በኛ አየር ዝቅተኛው ከ30 እስከ 40፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ አካባቢ ይሆናል። ዝቅተኛው 70 ላይ ወጥቶ ከፍተኛው 110 ላይ ከቀረ፣ አዎ፣ መጭመቅ አቅቶታል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ ፋን፣ ወይ የበዛ ጋዝ፣ ወይ ውስጥ የቀረ አየር። ዝቅተኛው ወደ ቫኪዩም ከሄደ መስመሩ ተደፍኗል። የአንቺ ኮምፕረሰር በየትኛው ተፈርዶበት ነው? ጋዝ በጎደለው መኪና ላይ ተለክቶ ከሆነ ፍርዱ ልክ አይደለም።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የቢሾፍቱ ደንበኛ ነበረኝ። ኤሲው ሲነሳ ይሠራል፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲግል ይጠፋል። ኮምፕረሰር ቀየርኩበት። ኋላ አሮጌውን ወርክሾፕ ጥግ ላይ ፈታሁት። ጤነኛ ነው። የተበላው ፊቱ ላይ ያለው፣ ሳህኑን በማግኔት ስቦ ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው ክላች ብቻ ነው። በሳህኑና በፑሊው መሐል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ መሆን ሲገባው ከአንድ በላይ ሆኗል። የማግኔቱ ሽቦ ሲሞቅ ማግኔቱ ይደክማል፣ ያን ያህል ርቀት መሳብ ያቅተዋል። አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ማውጣት ይበቃ ነበር። ሰውዬውን ጠርቼ ነገርኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፕረሰር ይቀየር ከማለቴ በፊት ክፍተቱን እለካለሁ።

የምር መቀየር ካለበት ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል። ስትገዢ የቧንቧ ቀዳዳዎቹ በመክደኛ የተዘጉትን ምረጪ። ክፍት የተቀመጠ ኮምፕረሰር እርጥበትና አቧራ ጠጥቷል። በእጅሽ ስታዞሪው ለስላሳ፣ እኩል መሆን አለበት። የአሮጌው ዘይት ጥቁርና ብረት ብረት የሚል ከሆነ መጥፎ ዜና ነው፤ ብናኙ ኮንደንሰሩ ውስጥ ገብቷል፣ ሳይቀየር አዲሱንም ይበላዋል። ዘይቱም እንደ መኪናው ይለያያል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያመጡልኝ በዝተዋል። የእነሱ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልት ነው የሚሠራው፤ ለቪትዝ የሚሆነው ዘይት እዚያ ከገባ ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ማፍሰስ ይጀምራል። ጎረቤትሽ እንደዚህ ያለ መኪና ካለው፣ የአንቺን ጋዝ የሚሞላው ልጅ በዚያው ቱቦ የሱን እንዳይነካ ንገሪልኝ።

ዋጋ ያልጻፍኩት በየሳምንቱ ስለሚቀየር ነው። ግን ቅደም ተከተሉን አትልቀቂ፦ ፋን፣ ቀዳዳ፣ ቫኪዩም፣ በሚዛን ጋዝ፣ ከዚያ ጌጅ። ኮምፕረሰሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚዳኘው።

ሥራው ሲያልቅ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር መሐል ያለው የአየር መውጫ ውስጥ ሰክተሽ ከቱሉ ዲምቱ ውጪ። የውስጥ አየር ማዞሪያውን አብሪ። ዱከም ሳትደርሺ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ውስጥ መግባት አለበት። ግማሽ ሰዓት ነድተሽ ንፋሱ እየደከመ ከሄደ፣ ኤሲውን አጥፍተሽ ስታቆዪው ደግሞ ከተመለሰ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ነው፤ ሴንሰሩ ይታይ። ከመኪናው ሥር ውኃ አልተንጠባጠበም ብለሽ ግን አትጨነቂ። ጥርና የካቲት አየራችን ደረቅ ነው፣ የሚንጠባጠብ ነገር ላይኖር ይችላል።

የገባውን ግራምና ቀኑን በነጭ ፕላስተር ላይ አጽፈሽ ኮፈኑ ውስጥ፣ ከጃፓንኛው ወረቀት አጠገብ አስለጥፊ። የሚቀጥለው መካኒክ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።